ለመጀመሪያው አልበምሽ

ሲያትል፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን የሚያማት ነገር ተሻላት? ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፣ እኔና ባለቤቴም ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ እንላለን። ዝናቡ ገብቷል። አገር ቤት ኅዳር ሰማዩ የሚጠራበት፣ እህሉ የሚታጨድበት ወር ነው፤ እዚህ ግን ገና ዐሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። የላክሽልኝን ዘፈኖች እንዲህ ባለው ምሽት፣ የቤቱን ሥራ ጨርሼ፣ ተራ በተራ ሰማኋቸው።

በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባና ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ቁጭ ብዬ ብጽፍልሽ ይሻላል፤ አንቺም ረጋ ብለሽ አንብቢው።

አቀናባሪው «የአገር ቤቱ ዜማ ይረዝማል፣ ወጣቱ አይታገሠውም፣ ውጭ አገርም አይሸጥም» እንዳለሽ ጽፈሻል። ዋሽንቱ በኪቦርድ እንዲተካ፣ እንጉርጉሮው እንዲቆረጥ፣ ሁለቱ ዘፈኖች ላይ እንግሊዝኛ እንዲገባ ፈልጓል። አንቺም ልብሽ ለሁለት ተከፍሏል። የመጀመሪያ አልበም ነው፣ ቢወድቅብኝስ ብለሽ ሠግተሻል። መሥጋትሽ አይገርመኝም። ነገር ግን እሱ «ውጭ አገር» የሚለው ቦታ የምኖረው እኔ ነኝ። እዚህ የሚሸጠውንና የማይሸጠውንም ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ። (ዓመት ስጠራልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳይምታታብሽ።)

እዚህ እንደመጣሁ መጀመሪያ ሥራ የያዝኩት ሬኒየር ጎዳና ላይ ካለ ያበሻ ሱቅ ነበር። አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በላስቲክ የታሸገው እንጀራ፣ ጀበናና ስኒው በአንድ ወገን፤ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ካሴትና ሲዲ። ዩቲዩብ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ታክሲ የሚነዱት ወንድሞቻችን ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ይውሉና ማታ ጎራ ብለው «ምን አዲስ ነገር መጣ?» ይላሉ። ዘፈን የሚፈተነው በነሱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚሰሙትን ሰው ድምፅ ይመርጣሉ፤ ያልጣማቸውን በማግሥቱ ስሙን እንኳ አያነሡትም።

በ2001 የጂጂ አልበም ገባ። ርዕሱ ስሟ ብቻ ነው፣ «ጂጂ»። በዚያው ዓመት የቴዲ አፍሮም «አቡጊዳ» ወጥቶ ስለነበር ሱቁ ሰው አያጣም ነበር። የቴዲን ሁሉም ወዲያው ተቀበለው። የጂጂን የሰሙት ግን ለሁለት ተከፈሉ። «ድምጿስ የተባረከ ነው፤ ግን ይሄ ከኋላዋ የሚሰማው ምንድን ነው?» የሚሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለዘመድ ብለው ይገዛሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ለእንጀራ እንጂ ለዘፈን ገብተው የማያውቁ ፈረንጆች በሩን ከፍተው «ጂጂ አለ?» ማለት ጀመሩ። አማርኛ አያውቁም። ምን እንደምትል አልጠየቁኝም። ድምጿን ብቻ ነበር የፈለጉት።

ጂጂ፣ እጅጋየሁ ሽባባው፣ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ የቻግኒ ናት። ከኛ ከዳንግላ ቻግኒ ጎረቤት ነው፣ አባዬ ነፍሱን ይማረውና በገበያ ቀን ይሄድበት የነበረ አገር ነው። እኛ የሰማነውን ወፍ ሰምታ፣ እኛ የሰማነውን ማኅሌት ሰምታ ያደገች ናት። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ቤታቸው ይመጡ ከነበሩ ቄስ እንደተማረች ራሷ ተናግራለች። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ በ1998 አካባቢም ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። ከ2001 በፊት ለስደተኛው አበሻ ሁለት አልበሞች ሠርታለች፤ በቁጥር ካየነው «ጂጂ» የመጀመሪያዋ አይደለም። እኔ ግን የመጀመሪያዋ ነው እላለሁ። ምክንያቱም እሷን የማያውቅ፣ ቋንቋዋን የማይሰማ፣ ለዘመድነት ብሎ የማያጨበጭብላት ሰው ፊት የቆመችው በዚህ ነው። አንቺም አሁን የምትቆሚው እዚያ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ የማወራልሽ።

አልበሙን ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው። ባለቤቱ ክሪስ ብላክዌል በአይላንድ ሬከርድስ በኩል ቦብ ማርሌን ለዓለም ያሰማ ሰው ነው። ፕሮዲዩሰሩ በኋላም በትዳር አብሯት የኖረው ቢል ላስዌል ነው። አጃቢ ሆነው የገቡት ደግሞ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስ ናቸው። እነዚህን ስሞች ያቀናባሪሽ ፊት ብትጠሪያቸው ከወንበሩ ይነሣል። እነሱን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ስቱዲዮ የገባች የቻግኒ ልጅ ምን ልታደርግ ትችል ነበር? ደንግጣ እነሱን ልትመስል ትችል ነበር። እንግሊዝኛ ልትዘፍን፣ ዜማዋን ልታሳጥር፣ ትንፋሿን በነሱ ምት ልትለካ ትችል ነበር። ማንም አይወቅሳትም ነበር።

እሷ ግን ግጥሙንም ዜማውንም ከቤቷ ይዛ ሄደች። «ዓባይ»ን፣ «ባለ ዋሽንቱ»ን፣ «ናፈቀኝ»ን፣ «አድዋ»ን በገዛ ቋንቋዋ፣ በገዛ ትንፋሿ ዘፈነች። ሳክስፎኑ እሷን ሲከተል ትሰሚዋለሽ እንጂ እሷ ሳክስፎኑን ስትከተል አትሰሚም። እባክሽ ዛሬ ማታ በጆሮ ማዳመጫ «አድዋ»ን ስሚው፣ ቃላቱን ሳይሆን ክፍተቱን ስሚ። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳ ዝም የምትልበትን ቦታ ልብ በይ። አቀናባሪሽ «ባዶ ቦታ» ብሎ የሚፈራው እሱን ነው። እኔ እንዲያውም ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው እሱ ይመስለኛል።

አገር ቤት ሁሉም ሰው አልወደደላትም፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ከለመድነው ዘፈን በጣም ራቀ፣ ጃዙ በዛ፣ ፈረንጅ አበላሸው ያሉ ብዙ ነበሩ። የውጭ ሐያስያን ደግሞ አመሰገኑት። በሁለቱ መካከል መቆም ቀላል አይደለም። ዛሬ ግን ተመልከቺ። ሃያ አራት ዓመት አልፎታል። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር፣ አዲስ አበባም ሆነ ሲያትል፣ «አድዋ» ሳይከፈት አይውልም። ጳጉሜን ላይ የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እዚህ ያለው አበሻ «ዓባይ»ን ነበር ከስልክ ስልክ የሚላላከው። ግድቡ ገና መሠራት ሳይጀምር የተዘፈነ ዘፈን ነው። የተሳካ አልበም ሲሉኝ እኔ ይህን ነው የማስበው። በሳምንት ውስጥ ስንት ሰው አየው የሚለውን አቀናባሪሽ ይቁጠረው፤ አንቺ ሕዝብ ደስታውንና ሐዘኑን የሚያውልበት ዘፈን ሥሪ።

አሁን ስለዚህ ከተማ ልንገርሽ፣ ለነገርሽ ይጠቅምሻልና። ልጄ የምትማርበት ጋርፊልድ የሚባለው ትምህርት ቤት ያበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከቼሪ ጎዳና በእግር የሚደረስበት ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ እዚያ ተምሯል። ዓምና ያረፈው ኩዊንሲ ጆንስም እዚያው ነበር። ከነሱ ይልቅ ግን ስላንቺ ሳስብ የሚመጣብኝ በ1948፣ ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ ከፍሎሪዳ እስከዚህ ድረስ በአውቶቡስ የመጣው ዓይነ ስውር ልጅ ነው፤ ሬይ ቻርልስ። አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሻግሮ፣ በዚህ ከተማ ጃክሰን ጎዳና ላይ በነበሩት የሌሊት ክበቦች ፒያኖ እየመታ መዝፈን ጀመረ። ኩዊንሲ ጆንስን የተዋወቀውም እዚሁ ነው፤ ኩዊንሲ ያኔ ከሱም በዕድሜ ያንስ ነበር።

ታዲያ ያኔ ሬይ ቻርልስ እንደ ራሱ አይዘፍንም ነበር። በዘመኑ ተወዳጅ የነበረውን ናት ኪንግ ኮልን ነበር የሚመስለው። ሆን ብሎ እንደሚያስመስል፣ ሰውም ስለሚወድለት እንደሚከፈለው በኋላ ራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያ ሸክላው በ1949 ወጣ፤ ብትሰሚው ሌላ ሰው ነው የሚመስልሽ። ዓመታት አለፉና፣ ልጅ ሆኖ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የሰማውን ድምፅ፣ ጩኸቱን፣ መቀባበሉን፣ ሲቃውን ወደ ዘፈኑ አስገባ። በ1954 «አይ ጋት ኤ ውማን»ን ሲቀርጽ ዓለም ሬይ ቻርልስን አወቀ። የራሱ የሆነ ሙሉ አልበም የወጣለት ደግሞ በ1957 ነው። ሰውየው ሌላውን መምሰሉን ትቶ ወደ እናቱ ቤት ድምፅ እስኪመለስ ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀበት አስቢው። አንቺ ከእናትሽ ቤት ገና አልወጣሽም። ለምን ትወጫለሽ?

እሱንም ወቅሰውታል። የአምላክን ዜማ ለዓለማዊ ነገር አዋለው ብለው ያዘኑበት ምእመናን ነበሩ። ይህን የምነግርሽ ስለ እማዬ ነው።

እማዬ «ዘፈን» የሚለውን ስትሰማ ልቧ እንደሚከብዳት አውቃለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ነጭ ለብሰሽ ስትዘምሪ ያየችሽ እናት ናት፤ አሁን ፖስተር ላይ ልታይሽ ነው። አትከራከሪያት። መልስ አትስጫት። እሷ የምትፈራው ድምፅሽን ሳይሆን መንገድሽን ነው። በእኔ በኩል የማምነው ይህን ነው፤ ጸሎቱንና ቃሉን ለቤቱ ተዪለት፣ ወደ ጭፈራ አታምጪው። እስትንፋስሽ ግን እዚያ የተገራ ነው። አራራዩን ለመያዝ የለፋሽበት ጉሮሮ ያው ጉሮሮሽ ነው፤ ስቱዲዮ በር ላይ አውልቀሽ የምታስቀምጪው ነገር አይደለም። ስለ አባዬ ሞት የዘፈንሽውን ሦስተኛውን ዘፈን ያለ ምንም መሣሪያ፣ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ አሰሚያት። ከዚያ በኋላ የምትለውን ስሚ።

ስለ እንግሊዝኛውም አስቤበታለሁ። እንግሊዝኛ ነውር ነው አልልም። ከዚሁ ከሲያትል የሆነ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች ገብርኤል ቴዎድሮስ የሚባል ራፐር አለ። በ2007 «ላቭወርክ» የሚለውን አልበም አወጣ። በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፣ ምክንያቱም ያደገበትና ያሰበበት ቋንቋ እሱ ነው። ስለ እናቱ አገር ሲናገር ግን የኔ ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሰሙታል፤ ራሳቸውን ያገኙበታልና። አማርኛ አስመስሎ ቢዘፍን ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር። አንቺም በእንግሊዝኛ አስመስለሽ ብትዘፍኚ ያው ነው። እንግሊዝኛው የእውነት ካንቺ የመጣ እንደሆነ ይግባ። «ለገበያ» ተብሎ የሚገባ ከሆነ ግን፣ እዚያ ገበያ ውስጥ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የማይገዛ መሆኑን እነግርሻለሁ። እዚህ በእንግሊዝኛ የሚዘፍን ሞልቷል። የዳንግላን ዋሽንት የሚያሰማ የለም።

ገንዘቡም አያስፈራሽ። በዚህ ከተማ አልበም በስንት ብር እንደሚሠራ ስጠይቅ ሁሉም የሚነግረኝ አንድ ታሪክ አለ። ኒርቫና የሚባሉት ልጆች ከዚህ ሁለት ሰዓት ከሚያስነዳ አነስተኛ ከተማ የመጡ ድሆች ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸውን «ብሊች»ን ሬሲፕሮካል በሚባል የሲያትል ስቱዲዮ፣ ጃክ ኤንዲኖ ከሚባል ባለሙያ ጋር ቀረጹት፤ ሰብ ፖፕ የተባለው ያገሩ አሳታሚ በ1989 አወጣው። የተከፈለበት ሒሳብ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ሙዚቃው እንደኛ ጆሮ አይደለም፣ እኔም እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ሒሳቡ ግን ያስተምራል። በዚያ ዋጋ ሊቀርጹት የቻሉት አስቀድመው ተለማምደው ስቱዲዮ ስለገቡ ነው። ሰዓት የሚበላው፣ ገንዘብ የሚጨርሰው፣ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈን መፈለግ ነው።

አስቴር አወቀንም አስቢያት። ከአይቤክስና ከሌሎቹ ባንዶች ጋር አዲስ አበባ ስትዘፍን ቆይታ፣ በ1981 አሜሪካ ገባች። ዋሽንግተን ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው ክትፎውን እየበላ፣ እያወራ፣ ማታ ማታ ዘፈነች። በራሷ ስም የተጠራውን «አስቴር»ን ያወጣችው በ1989 ነው። ፈረንጆቹ አዲስ ዘፋኝ ተገኘች አሉ! አዲስ አልነበረችም። ሲሰሟት የደነገጡት እነዚያ ሁሉ ሌሊቶች ድምጿ ውስጥ ስለነበሩ ነው። ኮሎምቢያን የሚያህል ኩባንያ አልበሙን አሜሪካ ውስጥ ሲያከፋፍለው አንድ የአማርኛ ቃል አልቀየረም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ቀረጻውን እስከ ፋሲካ አቆዪው። አቀናባሪው ቢቆጣ ይቆጣ፤ ጎበዝ ባለሙያ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ ቀስ ብለሽ ካስረዳሽው ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ ዘፈኖቹን ሰው ፊት ውሰጃቸው። ሠርግ ይሁን፣ ምሽት ቤት ይሁን፣ የባህር ዳር ተማሪዎች ግብዣ ይሁን፣ የትም ዝፈኛቸው። ሰው ወሬውን የሚያቆምበትን ቦታ ልብ በይ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ዝም ካለልሽ፣ ያንን ቦታ ማንም እንዳይነካብሽ። ወሬው የሚቀጥልበትን ዘፈን ደግሞ ምንም ብትወጂው አውጪው። አምስተኛው ለምሳሌ አልጣመኝም። ግጥሙ ያንቺ አይመስልም፤ ካሁን ዘመን ክሊፕ የተቀዳ ይመስላል። ቅር እንዳይልሽ፣ እህትሽ ካልነገረችሽ ማን ይነግርሻል?

ሁለተኛው ግን፣ ስለ እማዬ መቀነት የጻፍሽው፣ ሁለት ጊዜ አስለቅሶኛል። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ደንግጦ ነበር። እሱንም ቁጭ አድርጌ አሰማሁት። ምንም አላለም፤ «ድገሚው» አለኝ። ትዝታ ቅኝቱን እንዳለ ተዪው። ከመሐሉ ያለውን ረዥሙን እንጉርጉሮ አንዲት ሰኮንድ እንዳታስነኪው። መኪና የሚነዱት ወንድሞቻችን ሌሊት ሲሰሙት መንገድ ዳር ያቆማሉ፣ አውቃቸዋለሁ።

የላክሁልሽ ገንዘብ በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። ለክሊፕ አይደለም፣ ለልብስም አይደለም። ለልምምድ ቦታ ኪራይ፣ ለባንዱ ትራንስፖርትና ምሳ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለዋሽንት ነፊው ነው። በዚህ ዕድሜው ከዳንግላ ድረስ እየተመላለሰ በነፃ እንደሚለማመድልሽ ነግረሽኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ በነፃ አይንፋ። የቀኑን ክፈዪው፣ አልበሙ ሽፋን ላይም ስሙን በትልቁ አስጽፊው። ሁለተኛውን ዘፈን ከሱ ጋር ብቻ፣ ኪቦርድ ሳይገባበት፣ በስልክሽ ቅጂና ላኪልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መድኃኒቷን ሳትጨርስ እንዳታቋርጥ ንገሪያት።

እትዬሽ